ቤዝመንት ውስጥ ያለቀው ቀሚስ

ቶሮንቶ ላለሽው ልጄ ለየአብሥራ፣ ጌታ በምትውይበት ሁሉ ሞገስ ይሁንሽ። በመጀመሪያ ጓደኛሽ ናርዲ ስለ እኔ የነገረችሽ ስህተት ነው። ቤዝመንት ወርጄ በስፌት ማሽንሽ የምሠራው እኔ አይደለሁም፤ ከሄድሽ ወዲህ አልነካሁትም።

እዚህ እኛ ያለንበት ሬይኖልድስበርግ በርዷል። ወንድምሽ ኤልናታን ሪከንባከር መጋዘኑ ውስጥ ሺፍት ጨምሯል። እሱ ሲወጣ፣ ቀትር ላይ ማሽኑ ሲሰፋ እሰማለሁ። ስወርድ ዝም ይላል፤ ስዳስሰው ግን ሞቆ አገኘዋለሁ።

ኤልናታን፣ "እማዬ፣ ቼክ አድርጌዋለሁ፤ ፕለጉ እኮ ተነቅሏል። ሥራ ካማረሽ ሪከንባከር አፕላይ ላድርግልሽ" እያለ ይቀልዳል።

ጀምረሽ የተውሽው ቀሚስ ግን በየቀኑ ስንዝር ያህል ተሰፍቶ ይገኛል። በመነጽር መረመርኩት፤ የክሩ ጫፍ ሦስት ጊዜ ተቋጥሯል። እንደዚያ የምቋጥረው እኔ ነበርኩ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ። ተማሪ ሳለሁ የሰፈር ልጆችን ዩኒፎርም እየሰፋሁ ሱቅ ልከፍት ስል፣ አባቴ "የእኔ ልጅ ልብስ ሰፊ አትሆንም" አለኝ። መርፌ የተውኩት ያኔ ነው። አንቺም በኮቪድ ጊዜ ለቤተ ክርስቲያን ማስክ ሰፍተሽ ሱቅ ስታስቢ፣ ያንኑ ቃል ተናገርኩሽ።

ቀሚሱ ዛሬ አለቀ። ባንቺ ልክ አይደለም፤ በእኔ ልክ ነው፣ በያኔዋ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ።

ትምህርትሽን ጨርሺ፤ ሱቁን ግን ለማንም ብለሽ እንዳትተዪው እለምንሻለሁ፣ ለእኔም ቢሆን። እግዚአብሔር የእጅሽን ሥራ ይባርክ።

ነገ መጀመሪያ ቀሚሱን እተኩሳለሁ። ቀጥሎ ኤልናታን ማሽኑን አሽጎ እንዲልክልሽ አዘዋለሁ። ከዚያ የሰፋችው ያቺ ልጅ ቀሚሷን ልትወስድ ብትመጣ፣ የቤዝመንቱን በር ከፍቼ እጠብቃታለሁ።

እናትሽ ጽጌረዳ