የበረንዳው ሰባት ቀን

ሐምሌ 29

ዛሬ ጠዋት መጣብኝ። ሰኞን አይስተውም። ዕቃ እያጠብሁ ነበር… እጄን አድርቄ ወጣሁ። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ለብቻ የማስቀምጣት ሳህኔ፣ ሰማያዊዋ ኩባያ፣ ይህ ደብተር። የበረንዳውን የመስታወት በር ከውጭ ዘጋሁት። ሰባት ቀን።

አገር ቤት ከመንደሩ ዳር መርገም ጎጆ ነበረን። ደሟ የመጣባት ሴት ወደዚያ ትወጣለች፣ ወንድ አይደርስባትም፣ እህሏ ከደጅ ይቀመጥላታል። አራት አምስት ሆነን ጥጥ እየፈተልን፣ ሰው እያማን፣ ሰባቱ ቀን ሳይታወቀን ያልቅ ነበር። እዚህ እስራኤል፣ ፔታ ቲክቫ አራተኛ ፎቅ ላይ ጎጆ ከየት ይምጣ? በረንዳው ሁለት እርምጃ ተኩል ነው። ከጎኔ የጋዝ ሲሊንደርና ባልዲ። የማማው እንኳ ሰው የለም። ሽንት ቤት ስሄድ ብቻ ግድግዳ ሳልነካ ሮጬ አልፋለሁ። እሱስ ይቆጠርብኝ ይሆን?

ማታ ባሌ ዋኘው ከሥራው፣ ከኪርያት አርዬ ገባ። ፕላስቲክ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ ሸሚዙ ሁሉ የቀለጠ ጀሪካን ይሸታል። ሻይ አፍልቶ በሩ ሥር መሬት ላይ አስቀመጠልኝ። ዞር ሲል አነሣሁ። ስኳር አነሰው አልሁት። "የበረንዳ ሰው አያማርጥም" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን የድሮው አይደለም። ፊት ለፊት ያለውን በረንዳ ገልመጥ አድርጎ መጋረጃውን ሳበ።

ነሐሴ 1

ፊት ለፊት ያለችው ማዛል ትባላለች፣ የየመን አሮጊት። ልብስ ታሰጣለች፣ ታየኛለች፣ ደግሞ ታሰጣለች። ዛሬ ጉንጯን በእጇ ደግፋ እንቅልፍ አሳየችኝና ፍራሼን ጠቆመች። እዚያ ለምን ትተኛለሽ ማለቷ ነው። ምን ልበላት? በየትኛው ዕብራይስጥ? "በሰደር፣ በሰደር" አልሁ፣ ደህና ነው ለማለት፣ አንገቴን ደፍቼ። ትልቅ ሰው ናት፣ ዓይን ዓይኗን እንዴት አያታለሁ።

ዋኘው ሲገባ ከበረንዳዋ ሆና ጮኸችበት። ምን እንዳለች አልገባኝም። እሱ ገብቶታል።

ምን አለችህ አልሁት።

"ውሻ እንኳ ቤት ውስጥ ያድራል አለችኝ።"

እራቱን ሳይበላ ተኛ።

ነሐሴ 3

"ተይው ይሻሽ" አለኝ በመስታወቱ በኩል። የወንድሙ የንጉሤ ሚስት ኪርያት ጋት ከገቡ ወዲህ ትታዋለች። ሚቅቬ፣ የመንጻት ገንዳው ሄዳ ውኃ ውስጥ ትገባለች፣ በቃ። ምን ሆነች? አልጋውን ላንቺ ልልቀቅ፣ እኔ ሳሎን ልተኛ… ብዙ ለመነኝ። አልችልም አልሁ። ለምን? አለኝ።

ለምን እንደማልችል እዚህ ልጻፈው። ለሰው አልናገረውም።

ሱዳን፣ ስደተኛ ጣቢያው ውስጥ ድንኳኑ አንድ ነበር፣ እኛ ሰባት ነፍስ። ቤተ እስራኤል መሆናችንን ደብቀን ነው የተቀመጥነው። ደሜ ሲመጣ ለብቻዬ ብገለል ያውቁናል፣ ያልቅልናል። አልተገለልሁም። ለማንም አልተናገርሁም። ልጄን ሸጋን በዚያው እጄ ታቀፍሁት፣ በዚያው እጄ አጎረስሁት። ደሜ በመጣ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። ዓመት ከአራት ወሩ ነበር። እኔ ነኝ የገደልሁት። ዋኘው አያውቅም።

ነሐሴ 6

ሰባቱ ሞላ። ታጥቤ ገባሁ። ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልዬ ውጭ ተውሁት። የውጭ ነገር ውጭ ይቅር። መጻፍ ሲያምረኝ እወጣለሁ።

ነሐሴ 13

ከማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አንዲት ወጣት መጣች፣ ሱሪ የለበሰች፣ ደግ ፊት ያላት። አስተርጓሚዋ አያ ፈለቀ ናቸው። የአባቴ አገር ሰው፣ አባቴን የቀበሩ። እሳቸውን ሳይ ደስ አለኝ። ወዲያው ደስታዬ ጠፋ።

ጎረቤት አመልክቷል አለች። ባልሽ በረንዳ ላይ ያሳድርሻል ወይ? ይመታሻል? ምግብ መሬት ላይ ይሰጥሻል የሚባለው እውነት ነው?

አያ ፈለቀ ጫማቸውን እያዩ ተረጎሙ። ነገሩ ገብቷቸዋል፣ ለምን አይገባቸውም፣ ሚስትና ልጆች ያሏቸው ሰው። ግን የሰውን ሴት ልጅ ደም እንዴት አንሥተው ይናገሩ? እኔስ እንደ አባቴ በማያቸው ሰው ፊት በምን አፌ? ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝሁ፣ መሬት አየሁ። እሳቸውም መሬት አዩ። ሴትየዋ ሁለታችንንም አየችና ጻፈች። ብዙ ጻፈች። ስትወጣ ትከሻዬን ዳበስ አደረገችኝ፣ ሊያለቅስ እንደቀረበ ሰው።

ባሏን ፈርታለች ብላ ነው። አሁን ገባኝ።

ነሐሴ 15

ዋኘውን ሚሽታራ ጠሩት። ከፋብሪካው በር ነው ፖሊሶቹ የወሰዱት፣ የሥራ ጓደኞቹ እያዩ። ማታ ተመለሰ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ምን አልኻቸው? "ምን ልበላቸው? የሚስቴን ነገር ለፖሊስ ልዘርዝር?" ዝም ብሏል። ሦስታችንም ዝም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ… ይኸው ነቀዘ።

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ "እንደገና በረንዳ ላይ ከታየሽ ያስሩኛል። አስፈርመውኛል። ወይ በረንዳው ወይ እኔ" አለኝ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ዓይኔ ወደ በረንዳው ሄደ። ሻንጣውን አወረደ።

ነሐሴ 16

ኪርያት ጋት ሄደ፣ ወንድሙ ዘንድ። ምላጩን ረስቷል። ወይስ ሊመለስ ብሎ ትቶት ነው?

ነሐሴ 20

አልጻፈም። አልላከም።

ነሐሴ 22

ገበያው ድረስ በእግሬ ሄጄ ሽንኩርት ገዛሁ። ለሁለት ሰው። ቤት ስገባ ነው ያስተዋልሁት። ቁጭ ብዬ ሳልልጠው አለቀስሁ።

ነሐሴ 27

ሰኞ። ደሜ መጣ።

ቤቱ ባዶ ነው። ማንን ላረክስ? ባል የለ፣ ልጅ የለ። ግን ወጣሁ። ዳቦና ቲማቲም ይዣለሁ፣ የተቀቀለ እንቁላል ስድስት። ሻይ የሚያስቀምጥልኝ የለም። ማዛል ብታየኝ እሱን ያስሩታል፣ ስለዚህ ፍራሹን ከባልዲው ኋላ ጎትቼ ጥጌን ይዣለሁ። ሌባ ሆንሁ በገዛ ቤቴ።

ነሐሴ 30

ጠዋት በር ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ። ማዛል ናት፣ ድምጿን ለየሁት። አልከፈትሁም። እጀታውን ከነካሁ… ደግሞስ ከፍቼ ምን ልላት ነው? አንድ ነገር ደጃፉ ላይ አኑራ ሄደች። የሾርባ ሽታ ከበሩ ሥር ገብቶ በረንዳው ድረስ መጣ። ቀኑን ሙሉ ሸተተኝ።

ዳቦው ነገ ያልቃል።

ጳጉሜ 3

እናቴ ብትኖር ምን ትለኝ ነበር? አስቤ አስቤ ድምጿ ጠፋብኝ።

ከትናንት ጀምሮ ውኃ ብቻ። ወደ ታች አየሁ። አራት ፎቅ ነው፣ ከሥር አስፋልት። ብዙ አየሁ። ከዚያ ዓይኔን መለስሁና ከግድግዳው ተጣብቄ ተቀመጥሁ። ፊደሌ ይኸው ተበላሽቷል።

ሌላም ነገር አሰብሁ። እኔ በደሜ አፍሬ ባሌን ወንጀለኛ አደረግሁት። ኀፍረቱ የኔ ነበር፣ እሱ ተሸከመው።

ጳጉሜ 4

ታጠብሁ። በሩን ስከፍት ድስቱ እዚያው አለ። ሾርባው ሻግቷል። ድስቱን አሽቼ አጥቤ ወስጄ ሰጠኋት። ማዛል ክንዴን ይዛ ቀጫጫነቱን ለካችው፣ አስቀምጣ ዳቦ በሻይ አበላችኝ። ዕብራይስጥ ባውቅ ያን ጊዜ እነግራት ነበር።

መስከረም 2

ነገርሁ።

ሳልጠራ ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮአቸው ሄድሁ። ሴትየዋ ወንበር ሳበችልኝ፣ ቆሜ ቀረሁ። ብቀመጥ አልናገረውም። አያ ፈለቀ ጥጉ ላይ ናቸው።

"አያ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልሁ። "በረንዳ የምወጣው ደሜ ሲመጣ ነው። ዋኘው አላስወጣኝም። ተይ ብሎ ለምኖኛል። የወጣሁት እኔ ነኝ።"

ጆሮዬ ጋለ። አያ ፈለቀ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። "ልጄ፣ አንቺ እስክትይው ነበር የቸገረኝ። ኃጢአቱ የኔም ነው" አሉኝና ወደ ሴትየዋ ዞረው መናገር ጀመሩ። ሲናገሩ ላብ በላብ ሆኑ። ሴትየዋ ደጋግማ ጠየቀች፣ ማንም አላስገደዳትም? ብላ። በመጨረሻ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መዝገቡን እዘጋዋለሁ አለች። በረንዳው ግን ለጤናሽ ጥሩ አይደለም አለችኝ። እሱን ማን አጣው።

ሁለታችንም ስንወጣ ደረጃው ላይ አልተያየንም። አያ ፈለቀ ኪርያት ጋት ስልክ እደውላለሁ ብለዋል።

መስከረም 5

ነገ በዓል ነው፣ የዚህ አገር አዲስ ዓመት። አልመጣም።

መስከረም 9

አያ ፈለቀ ስልኩን ደውለዋል። ዋኘው ሰምቷል። አልመጣም። እውነቱን ተናግሬም ካልመጣ… ታዲያ ምን ቀረኝ?

መስከረም 13

መጣ። ከኪፑር፣ ከስርየቱ ጾም በፊት ሰው ይቅር ይባባላል ብሎ ነው መሰለኝ።

በሩ ላይ ቆሞ "ሰው ፊት መናገርሽን ሰማሁ" አለ። "ለኔ ያልነገርሽኝ ግን አለ። ለምን አልችልም እንደምትይ።"

ነገርሁት። ድንኳኑን፣ እጄን፣ አሥራ አንዱን ቀን። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። መምታት ቢያውቅ።

ቁጭ አለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፤ "በዚያ ሳምንት ኩፍኝ ነበር። መቃብር የምቆፍረው እኔ ነበርሁ። ከሸጋ ጋር አሥራ ዘጠኝ ሕፃን ቀብሬያለሁ። የሁሉም እናት ደም መጥቶባት ነበር?"

አላመንሁትም። ግን አሥራ ዘጠኝ… ይህን ቁጥር አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። እሱም የደበቀኝ ነበረው። አብረን አለቀስን፣ ሸጋ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

መስከረም 19

ሰፈሩ መዶሻ በመዶሻ ሆኗል። ነገ የዳስ በዓል ነው። እኛ አገር ቅጠል እንጎዘጉዝ ነበር እንጂ ዳስ አንሠራም። እዚህ ሰው ሁሉ በየበረንዳው ጎጆ ይቀልሳል፣ ይበላበታል፣ ወንዶቹ ያድሩበታል። ማዛል የዘንባባ ቅርንጫፍ በልጇ አስይዛ ላከችልን። ዋኘው ፍራሼን፣ ባልዲውን፣ ሁሉን አንሥቶ በአንሶላ ግድግዳ ሠራ። ዘንባባውን ከላይ አለበሰው። አያምርም ማለት አይቻልም።

ስቄ ነበር፣ ሕንፃው በሙሉ መርገም ጎጆ ሆነ ብዬ። ከዚያ ቀኑን ቆጠርሁ። ነገ ሰኞ ነው።

መስከረም 21

ይህን የምጽፈው ከውስጥ ነው። ደብተሩ ገብቷል።

ሰኞ አልሳተኝም። ፍራሼን ይዤ መስታወቱ ጋ ደረስሁና ቆምሁ። ዳሱ የበዓል ነው፣ በደም አይገባበትም። ደረጃ ላይ ልደር? ቤት ውስጥማ… ቤት ውስጥ ሰው አለ፣ ዋኘው አለ። እሱንም ልግደለው? ይህን ጮክ ብዬ ነው ያልሁት።

ዋኘው ከራሱ አልጋ ብርድ ልብሱን ገፈፈ። "አንቺ ባለሽበት ቁሚ" አለ። "በዚህ ሳምንት ደጅ የሚያድር ወንዱ ነው፣ አታይም?" ወጣ። በሩን ራሱ ከውጭ ዘጋው። ማዛል ለልጇ ዳሷ ውስጥ ፍራሽ እያነጠፈች ነበር፣ ዋኘውን አይታ እጇን አነሣችለት። ምንም አልገረማትም።

ከነደሜ ጣሪያ ሥር ተኛሁ። እንቅልፍ የት አለ። ትንፋሹን በመስታወቱ በኩል ለመስማት ጆሮዬን አቁሜ አደርሁ። ነጋ። ማንም አልሞተም።

ጠዋት መስታወቱን አንኳኳ። "ሻይ!" አለኝ። በኔ እጅ? አልሁት። በማን እጅ ታዲያ አለ። አፈላሁ። በሩን ትንሽ ገፋ አድርጌ መሬት ላይ አስቀመጥሁለትና ዞር አልሁ። አንሥቶ ሲጠጣ ሰማሁት።

ስኳር አነሰው አለ።

የበረንዳ ሰው አያማርጥም አልሁት።