ያልለካሁት እግር

ኦክቶበር 4
ዛሬም የአባዬን ሾርባ ሳልጠጣ ወደ ኮሌጅ ሮጥኩ። የአካባቢ ንድፍ የመጨረሻ ዓመት... ደንቡ አይቀየርም፤ ወረቀት ላይ የሳልነውን አንድ ነገር በሙሉ መጠኑ ሠርተን፣ ሰው ሲጠቀምበት ማሳየት አለብን። የኔ አግዳሚ ወንበር ነው። ከወደቡ ወደ ሰፈራችን 214 ደረጃ፤ ማረፊያ የሚባል የለም። አባዬ በዚያ ጉልበቱ በየቀኑ ዳቦ ይዞ ይወጣዋል። ለእሱ ነው።

ኦክቶበር 11
አባዬ የወንበሩን ሞዴል አየው። የካርቶን ደረጃ፣ የካርቶን ወንበር፣ የካርቶን ሰውዬ። ሁላችንም ከአንድ መጽሐፍ የምንገለብጠው ሰውዬ፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ አምስት።
«ይሄ መለሎ ደግሞ ማነው? የኛ ሰፈር ሰው አይደለም።»
«መለኪያ ነው አባዬ።»
«እሱን ለክተሽ ለኛ ልትሰፊ? ጎበዝ አርክቴክት!»
«አርክቴክት አይደለሁም። አካባቢ ነው የምነድፈው።»
«አካባቢውንማ እግዜር ነድፎ ጨርሶታል። ደረጃ አበዛ እንጂ።»
ሳቅን። ሜትሩን አቀበለኝና እግሩን ዘረጋ። «በይ ለኪኝ።»
«ነገ» አልኩት። ሞዴሉን ፎቶ ማንሳት ነበረብኝ።

ኦክቶበር 19
አልለካሁትም። ነገ።

ኦክቶበር 30
ወንበሩ ቆመ! 107ኛው ደረጃ ጎን። አባዬ ቀድሞ ተቀመጠ... እግሩ መሬት አልነካም። እንደ ሕፃን ተንጠለጠለ።
ጎረቤታችን ዶኛ ኦርፌሊና ሳቁ። «ባልዶ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው እንዴ የወጣኸው?»
«ዝም በይ አንቺ! ልጄ የሠራችው ነው። ቤተ መንግሥትም እንዲህ ያለ የለም።»
ሲወርድ ጉልበቱን ይዞ ነው። አየሁት። ከፈተናው በኋላ አስተካክለዋለሁ።

ኖቬምበር 8
አባዬ ሞተ።

ኖቬምበር 12
ያገኙት ዶኛ ኦርፌሊና ናቸው። ዛሬ ነገሩኝ።
«ዳቦው ጭኑ ላይ ነበር። የተኛ መስሎኝ...»
«ወንበሩ ላይ?»
ራሳቸውን ነቀነቁ።
«ደረጃው ላይ ልጄ። ወንበሩ አጠገብ። ሁልጊዜም እዚያው ነበር የሚያርፈው። እንዳትነግሪያት ብሎኝ ነው።»
ልቡ ነው፣ ብሏል ሐኪሙ። ወንበሩ ቢያጥርም አያድነውም ነበር። አውቃለሁ። ግን ድንጋይ ላይ? እኔ ከሠራሁለት ወንበር አጠገብ? መለካቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ሁለት ደቂቃ!

ኖቬምበር 20
ሱሪውን ከሚስማሩ አወረድኩ። ጉልበቱ ጋ ጎብጦ ቀርቷል። ከዚያ እስከ ጫፉ ለካሁ፤ የጫማውን ሶል ጨመርኩ። ሠላሳ ስምንት። የኔ ወንበር አርባ አምስት።
መጋዝ ይዤ ወረድኩ። ከአራቱም እግር ሰባት ሰባት ሳንቲሜትር። እያለቀስኩ ስለነበር አንዱ ትንሽ ተንጋደደ።

ዲሴምበር 6
ፈተና። መምህሬ ወንበሩን ለኩ። «ያስና፣ ዝቅ ብሏል። መጽሐፉ አርባ አምስት ነው የሚለው።»
«የመጽሐፉ ሰውዬ በዚህ ደረጃ አይወጣም» አልኳቸው። ሞዴሉ ውስጥም የለም። በቦታው አጭር የካርቶን ሰው አለ፤ ዳቦ ይዟል።
አለፍኩ። አንድ የኤግዚቢሽን ድርጅትም ሥራ ሊሰጠኝ ነው። ለማን ልንገር?
ስመለስ ዶኛ ኦርፌሊና ወንበሩ ላይ ናቸው። ሁለት እግራቸው መሬት ላይ።
«አረፍ በይ እንጂ።»
አረፍኩ። ለኔ በጣም ያጥራል። ሜትሩን ከኪሴ አወጣሁ።
«እግርዎን ልለካው?»
«ምን ልትሠሪልኝ?»
«አላውቅም... ብቻ ዛሬ ልለካው።»