ስለዚያ ኮሌታ ለአባቴ

ውድ አባባ፣

አላህ በራህመቱ ይቀበልህ። ከተለየኸን የፊታችን ሰኞ ስምንት ወር ይሞላል። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል ያልጻፍኩልህ ምን ብዬ እንደምጀምር ስለማላውቅ ነበር። ባለፈው ዓርብ ግን እማዬ አንድ ነገር ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። ምግብ ቀርቦልኝ እነሳለሁ፤ ገበያ ልሄድ ወጥቼ ከመንገድ እመለሳለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አቋርጬ፣ ደባርቅን ከዳር እስከ ዳር ዞሬ ነው የተመለስኩት።

እስቲ መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የስፌት መኪናህን ከበረንዳው ወደ ውስጥ አስገብተናታል። ታናሼ ነፊሳ ቁጭ ብላባት የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ እግሯ ፔዳሉ ላይ መድረስ ጀምሯል። ወንድሜ ኑሩ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል። አንድ ደብዳቤ ልኮልናል፣ ደህና ነኝ ይላል። ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው መንገድ ወታደር በጫኑ መኪናዎች ተጨናንቋል፤ አንዳንድ ሳምንት ጭራሹን ይዘጋል። እማዬ ትንሽ ከሳች እንጂ ደህና ናት። እኔ ጁዶውን ትቼው ነበር።

መምህር ታደለ ውጭ አገር የተማረውን ጁዶ ሊያስተምረን፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጭድ የሞላባቸውን ጆንያዎች ሲያነጥፍ፣ ከሴት የተመዘገብነው ሁለት ብቻ ነበርን። ሌላዋን አባቷ በሳምንቱ አስወጣት። አንተን ጎረቤቶች በረንዳው ላይ ከበው፣ «ሱሪ ለብሳ ከወንድ ጋር ስትታገል ዝም ትላለህ?» አሉህ። አንተ መርፌህ ላይ ክር እያስገባህ፣ «ዳባት ውድድር ላይ ወንዱን ሁሉ ጥላ መጣች፤ እኔ በምን አቅሜ ልከልክላት?» አልካቸው። ሳቁ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማህ ነበር።

ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ጎንደር ስሄድ ሥራህን ዘግተህ ተከተልከኝ። እዚያ አንዷ ተጋጣሚዬ በልብሴ ኮሌታ ይዛ አነቀችኝ። በጁዶ ይህ የተፈቀደ ነው፤ ትንፋሽ ሲያጥርህ ምንጣፉን በእጅህ ትመታና ትለቀቃለህ። እኔ ግን እልህ ይዞኝ አልመታሁም። ዓይኔ ሲጨልም ትዝ ይለኛል። እንደምንም ሾልኬ ጣልኳትና አሸነፍኩ። ቀና ብዬ ስፈልግህ፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ አንተ በሁለት እጅህ የራስህን አንገት ይዘህ ቆመሃል።

ለአዲስ አበባው ውድድር አዲስ ልብስ ሰፋህልኝ። ኮሌታው ሲነካ እንደ ጣውላ ነበር። «ጠንካራ ይሁን ብዬ ነው» አልከኝ፤ እኔም አልጠየቅኩህም። ያሸነፈች ወደ ወዳጅ አገር ለውድድር ትላካለች ተብሎ ነበር። እስከ መጨረሻው ግጥሚያ ደረስኩ። ልንጀምር ስንል የተጋጣሚዬ አሰልጣኝ፣ «ይሄ ኮሌታ በእጅ አይያዝም!» ብሎ ጮኸ። ዳኛው በማስመሪያ ለካው። ቢተረትረው በአራት እጥፍ አቡጀዲ መሀል የድንኳን ሸራ ተገኘ። አስወጥተው በሌላ ልጅ ላብ የረጠበ ልብስ አለበሱኝ። ከተመልካቹ መሀል «አጭበርባሪ!» ያለኝ ነበር። ተሸነፍኩ።

ደባርቅ ገብቼ ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ፣ በሦስት ደንበኞችህ ፊት፣ «አዋረድከኝ! ባንተ ምክንያት ሌባ ተባልኩ!» ብዬ ጮህኩብህ። ቀና ሳትል፣ «እንዳያንቁሽ ብዬ እኮ ነው ልጄ» አልክ። ጥዬህ ወጣሁ። በማግስቱ ጎንደር አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ወር ሳይሞላ ቆላ ወርደህ ስትመለስ ወባ እንደጣለህ ተላከብኝ። ዳባት ስደርስ መንገድ ተዘጋ፤ በእግሬ ልሂድ ብል የኬላው ወታደሮች አላሳልፍ አሉኝ። ሁለት ቀን ቆይቼ ስደርስ ተቀብረሃል።

ዓርብ ዕለት እማዬን፣ «በወባ ወራት ቆላ ምን ሊሠራ ወረደ?» ብዬ ጠየቅኳት። ላለመናገር ብዙ ታገለች። በመጨረሻ፣ «ላንቺ ብሎ ነው» አለች። መምህር ታደለን ጠርተህ የኮሌታውን ትክክለኛ ልክ አስጽፈኸው ኖሯል። ጥሩ ጨርቅ ቆላ፣ አዲ አርቃይ ይገኛል ሲሉህ፣ እሷ አትሂድ ብትልህም፣ «በልኩ ሰፍቼላት ጎንደር ድረስ ወስጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ» አልካት። ከሣጥኑ ጨርቁን አውጥታ አሳየችኝ። ቆርጠኸዋል፣ የጠመኔ ምልክትህ አለበት፣ አልሰፋኸውም።

ይቅርታ? አንተ እኔን?

እማዬ የአላህ ውሳኔ ነው ትለኛለች። አምናለሁ። እግሬ ግን አላምን ብሎ ያዞረኛል። ቅዳሜ ጠዋት ስጮህብህ የነበሩት ሦስቱ ደንበኞችህ ቤት በየተራ ሄድኩ። «አባቴ ሊያጭበረብር አይደለም፤ ልጁን እንዳያንቁበት ፈርቶ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ሁለቱ ከነጭራሹ ረስተውታል። ሦስተኛው፣ ሽማግሌው ሐጂ፣ አለቀሱ። እኔ ግን ከደጃቸው ስወጣ እንደገባሁ ነበርኩ፤ ምንም አልቀለለኝም።

ጨርቁን እኔና ነፊሳ ሰፋነው። መምህር ታደለ ለክቶ፣ «ልክ ነው» ብሏል። ውጭ የሚላኩትን ለመምረጥ አዲስ አበባ ለሚደረገው ግጥሚያ እንደገና ተጠርቻለሁ፤ ቀበሌም የይለፍ ወረቀቱን ሰጥቶኛል። ሐሙስ እሄዳለሁ። ብሸነፍ በማንም አላሳብብም። ስመለስ ከአውቶቡስ ወርጄ መጀመሪያ የምመጣው ወዳንተ ነው፤ ሴት መቃብር አትገባም ካሉኝ ከአጥሩ ውጭ እቆማለሁ።

አባባ፣ በየውድድሩ ስሜን ሲጠሩ ያንተ ስም ይከተላል። እስከዛሬ የራሴን ብቻ ሰምቼ ወደ ምንጣፉ እሮጥ ነበር። ከእንግዲህ ግን ያንተም ተጠርቶ እስኪያልቅ እቆማለሁ።

ልጅህ ሰዓዳ