በማኅተም ስለታሸገው የጊታሬ ማዞሪያ

ለተከበሩ አቶ ኪዳነወልድ፣ የቀበሌያችን ጸጥታ ኃላፊ፤
አዳማ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በዚህ ሙቀትና አቧራ መካከል ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልሁ፣ በተለይ ጆሮዎን ፈጣሪ እንዲጠብቅልን እመኛለሁ፤ የቀበሌያችን ሙዚቃ ዕጣ ፈንታ በእሱ እጅ ነውና።

እኔ ቢሊሴ ጫምሳ፣ ከከበሮ መቺው ከቶሌራና ከቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ከሳሊህ ጋር በቤቴ ጓዳ አንድ ዘፈን ለመቅረጽ አራት ወር ሙሉ ስደክም ኖሬአለሁ። ምኞታችን ጊታሩ ደረት የሚገፋ፣ ከባድና ጥርት ያለ ድምፅ እንዲሰጥ ነበር። እኔም ድምፅ የሚከብደው ሲሻክር ነው ብዬ በማመን፣ የጊታሬን ድምፅ ማጉያ ማሻከሪያ፣ ዲስቶርሽን የሚባለውን ማዞሪያ፣ እስከ መጨረሻው እጠመዝዘው ነበር፤ ሲቀረጽ ግን የሚሰማው የጋለ ዘይት ውስጥ የወደቀ ሽንኩርት ነው። ቶሌራ ተስፋ ቆርጦ፣ ቢሾፍቱ ሄዶ ለሠርግ ባንድ ሊጫወት ልብሱን ሸክፎ ሳለ እርስዎ ደረሱልን።

አቤቱታዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ የከሰሱኝ ጎረቤቴ አቶ ፈቃዱ ከጠዋት እስከ ማታ ብረት የሚቆርጡና የሚበይዱ ሰው ሲሆኑ፣ ጊታሬ ሥራቸውን በጸጥታ እንዳይሠሩ ስላወካቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎም የብረት መቁረጫቸው እስኪያርፍ በትዕግሥት ጠብቀው ክሱን ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ድምፁ ይቀነስ ብለው ጓዳዬ ድረስ ሲገቡ፣ የትኛው ማዞሪያ እንደሆነ ላሳይዎ ብሞክር፣ "መንግሥት ያውቃል፣ አይጠቆምም" ማለትዎን አልረሳሁም። ከዚያም የድምፁን መጠን እንዳለ ትተው ማሻከሪያውን ግማሽ ላይ አቆሙና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ለጥፈው አሸጉት። ማኅተም መቅደድ እንደሚያስከስስ ስለማውቅ እጄን ሰበሰብሁ።

ሦስተኛው አቤቱታ መሆኑ ቀርቷል። በነጋታው በታሸገው ማጉያ ስጫወት ድምፁ የሳሳ መሰለኝ፤ በንዴት ያንኑ ዜማ ሳላዛንፍ ደግሜ ቀረጽሁና አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ አደረግሁት። ሳሊህ ከታች በቤዙ ሞላው። ስንሰማው እያንዳንዱ ምት ጥርት ብሎ፣ ጭነት የያዘ ሲኖትራክ በደጃችን ያለፈ ይመስል መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ቶሌራ ልብሱን ከሻንጣው ማውጣት ጀመረ። እኔም፣ ምን አሳፈረኝ፣ አለቀስሁ። አራት ወር እየጨመርሁ ያጣሁትን እርስዎ በስሕተት ቀንሰው ሰጡኝ።

ስለዚህ አንድ ቀን ስሕተትዎን ተረድተው እሽጉን እንዳያነሱብኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። ታሪኩን የሰሙ የቢሾፍቱና የሁሩታ ጊታር ተጫዋቾችም ማጉያቸውን መጥተው እንዲያሽጉላቸው አማልጂን ብለውኛል፤ ውሎ አበል ካለው እንደማይጨክኑባቸው ነግሬአቸዋለሁ።

በማያውቁት ሙያ ታላቅ ውለታ የዋሉላት፣ ማኅተምዎን እንደ ዓይኗ ብሌን የምትጠብቅ ታዛዥ ነዋሪዎ፣
ቢሊሴ ጫምሳ

ማስታወሻ፦ ሰኞ ለድጋፍ ደብዳቤ ቢሮዎ መጥቼ ሳለ፣ የጸሐፊዎ የወይዘሮ ሑስና ስልክ የሚጠራው በእኛ ዘፈን ሆኖ አገኘሁት። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነዎት ተብለን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሳ ስንጠብቅ ስልኩ ከመጮህ ስላላረፈ፣ ባለጉዳዩ ሁሉ ዘፈኑን ከነአዝማቹ በቃሉ ይዞት ወጥቷል።