ሁሉም ዝም ያሉበት ቤት

ደምስዬ፣ የቤቴ ባለቤት፣

ከተለየኸኝ አራት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ጭነትህን ይዘህ ወደ ጅማ ስትወርድ በመስኮት እጅህን አውጥተህ ያወዛወዝክልኝ ነሐሴ ላይ ነበር። አሁን ጥቅምት ገብቷል፣ ብርዱም አብሮት። ሰበታን ብታያት ትጠፋብሃለች። ከፊታችን የነበረው ሜዳ አጥር በአጥር ሆኗል። የጓሮው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ በቦታው ሁለት ክፍል ሠርተን አከራይተናል። በራችን ግን ያው ነው፤ ሲከፈት ይጮኻል። ብሩክ ዘይት ላድርግበት ባለ ቁጥር ተው እለዋለሁ። ሰው መግባቱን እንዲነግረኝ እፈልጋለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ልጃችን ነው። ብሩክ ሊያገባ ነው። ይህን ጽፌ ብዕሩን አስቀምጬ ትንሽ በመስኮት ወደ ውጭ ስመለከት ቆየሁ። ነገሩ ሁሉ እስካሁን በሰመመን ያየሁት ይመስለኛል።

ልጅቷ ሲፈን ትባላለች። የተፍኪ ልጅ ናት፤ ቡራዩ ቤት ተከራይታ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ስትስቅ እንደ አንተ ዐይኗ ይጠፋል። ቤታችን ስትመጣ አካም ጅርቱ እማዬ ብላ ትገባና ሳልጠይቃት እጅጌዋን ሰብስባ ሥራዬን ትጋራኛለች። እናቷ የሞተችው ገና ሕፃን ሳለች ስለሆነ ያሳደጓት አባቷ ኦቦ ገመቹ ናቸው። እሳቸው ባለፈው ክረምት ሳንባቸውን ታመው ከረሙ። ሲፈን በየማለዳው ደውላ ድምፃቸውን ሳትሰማ ሥራ አትገባም።

ኦቦ ገመቹ ለብሩክ አስቀድመው ቁርጡን ነግረውታል፤ ልጄ ራሷ ከልቧ እሺ ሳትል ሽማግሌ ደጄ እንዳይቆም ብለውታል። ስለዚህ ልጃችን መጀመሪያ እሷን መጠየቅ ነበረበት። አንድ ቀን ሊጠይቃት ገፈርሳ ውሃው ዳር ድረስ ወስዷት፣ አፉ ተሳስሮ ስለ ዓሣ ሲያወራ ውሎ ተመለሰ። በዚህ በዚህ የአንተ ልጅ ነው።

ሆለታ ያሉ ጓደኞቼን እንጠይቅ ብለህ ይዘኸኝ የሄድክበትን ቀን ታስታውሳለህ? እዚያ ቀኑን ሙሉ ስትቁነጠነጥ ዋልክና ስንመለስ፣ ዝናቡ የመኪናውን ጣሪያ እየደበደበ፣ ዐይንህን ከመንገዱ ሳትነቅል «ሽማግሌ ብልክ በሩን ይከፍቱልኛል?» አልከኝ። እኔ ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁ። አንተ መንገዱን እያየህ ስለነበር አላየኸኝም። ከዚያ እስከ ዓለም ገና ድረስ ፊትህ ጠቁሮ፣ ቃል ሳትተነፍስ ነዳህ። እኔ ደግሞ ምን አስቀየምኩት እያልኩ ከጎንህ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ካልፈለግሽ ግድ የለም ስትለኝ ነው የገባኝ። ነቀነቅሁ እኮ አልኩህ። መኪናውን ዳር አቁመህ መሪው ላይ ተደፍተህ ሳቅህ። ከዚያ በኋላ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ዝም ባልኩ ቁጥር ነቀነቅሽ ወይስ ተቆጣሽ ትለኝ ነበር።

ብሩክ ያሰበው እንዲህ ነው። አብሮ አደጉ ኢዮብና ሚስቱ ሃና ሱሉልታ አዲስ ቤት ሠርተው ገብተዋል። ለሲፈን ቤታቸውን ልናይላቸው ነው ይባላል። እዚያ ጓደኞቻቸው ቀድመው ገብተው ድምፃቸውን አጥፍተው ይጠብቃሉ። እሷ ስትገባ እሱ እንደ ዘመኑ ልጆች ተንበርክኮ ቀለበቱን ያወጣል። ከሥጋዋም ሰው እንዲኖር ብሎ አክስቷን ጫልቱን ከተፍኪ በድብቅ አስመጥቷል። ወንበር ስላልበቃ ኢዮብ ከሰፈሩ እድር አግዳሚ ወንበሮች ተውሷል። ኦቦ ገመቹ ደግሞ ነገሩ ተነግሯቸዋል፤ ግን ድምፃቸው ምስጢር አይችልምና ያን ቀን ጠዋት የልጃቸውን ስልክ እንዳያነሱ ተማጽኗቸዋል።

ይህን ሁሉ ፊቱ እየበራ ሲነግረኝ የአንተን መርዶ የሰማሁበት ቀን መጣብኝ።

አንተ ያን ቀን አታውቀውም። ማለዳ ነበር። ቡራዩ ያለችው እህቴ እንግዳ መጥቶብኛልና ነይ አግዢኝ ብላ አስጠራችኝ። ስደርስ በሯ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደጃፉ ላይ ጫማ ተከምሯል። ስገባ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ሲያወሩ ቆይተው እኔን ሲያዩ ዝም አሉ። ማንም ዐይኔን አላየም። ሞተ ያለኝ ሰው የለም፣ ደምስዬ። አንዷ ማልቀስ ጀመረች፣ ሌሎቹም ተከተሉ፣ እኔም ከለቅሷቸው ተረዳሁ። መርዶ እንዲህ ነው። ሰው ይሰበሰብና ዝም ይላል፣ ዝምታው ይነግርሃል። ከዚያ ወዲህ ስገባ ወሬ የሚቋረጥበት ቤት አልቀመጥም።

ስለዚህ አውቄ ነበር። የሱሉልታው ቤት ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ አውቃለሁ። ለልጁ መንገር ነበረብኝ። ግን ሐዘኔ ነው ደስታውን የሚያጠቁርብኝ ብዬ ራሴን ወቀስኩ። ብሩክ ምን ይመስልሻል ብሎ ሲጠይቀኝ ነቀነቅሁለት።

ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኛው በተዋሰው መኪና ወጣን። ሲፈንን ቡራዩ ከደጇ አነሳናት። ለአዲስ ቤት ባዶ እጅ አይገባም ብላ ብርቱካን ይዛለች። መኪናው ውስጥ አባቷ ጋ ደወለች፤ አልተነሳም። ብሩክ ወደ ኋላ ሳይዞር ከብቶቹን ሊያዩ ወጥተው ይሆናል አላት። አስኮ ላይ ደወለች። አዲሱ ገበያ ላይ ደወለች። ጉልበቷ ላይ ስልኩ በርቶ ሲጠፋ፣ በርቶ ሲጠፋ አየሁ። እጇን ያዝኩት፤ ቀዝቅዟል። ያዝኩት እንጂ ምንም አላልኩም።

ዳገቱን ጨርሰን ወደ ሱሉልታ ቁልቁል ስንል ሜዳው በጉም ተሸፍኖ ነጭ ሐይቅ መስሎ ጠበቀን። ላሞች እስከ ጀርባቸው ጉሙ ውስጥ ገብተው ቀንዳቸው ብቻ ይንሳፈፋል። ቤቶቹ መሠረት የላቸውም፣ ቆርቆሯቸው አየር ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ብሩክ ከኋላ ሲታይ ማጅራቱ የአንተ ነው። ዐይኔን ገርበብ አድርጌ ለትንሽ ጊዜ የምትነዳው አንተ ነህ ብዬ ተውኩት። ጅማ ደርሰህ የተመለስክ፣ እኛን ደግሞ ወዳጅ ጥየቃ የምትወስደን። ጉሙ እንዲህ ያለውን ነገር ይፈቅዳል። መኪናው ሲቆም ነቃሁ።

የኢዮብ ግቢ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደጃፉ ላይ ጫማ ተከምሯል።

ሲፈን ከፊቴ ገባች። የእድሩ አግዳሚዎች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፤ ሰዎቹ ተቀምጠዋል፤ ማንም አይተነፍስም። ሳቃቸውን ለመያዝ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። መሐል ላይ፣ የሱሉልታ ብርድ ገብቷት እስከ ጆሮዋ በጋቢ የተጠቀለለች፣ ተፍኪ መሆን የነበረባት አክስቷ ጫልቱ ተቀምጣለች። ጫልቱ ልጅቷን ስታይ ከደስታዋ ብዛት እንባዋ ዱብ አለ።

የብርቱካኑ ከረጢት ከሲፈን እጅ ወደቀ። «አባ ኮ» አለች። አባቴን ማለቷ ነው። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ከዚያ ደረቷን መታች፣ ወለሉ ላይ ወደቀች፣ ጩኸቷ ቤቱን ሞላው።

እዚህ ላይ ትስቅ ነበር ደምስዬ፤ እኔ ግን ያኔ አልሳቅሁም። ጫልቱ ልጅቷ እንዲህ ስትሆን ባየች ጊዜ፣ መንገድ ላይ በስልክ የሰማችው ነገር አለ ማለት ነው ብላ እሷም ወንድሜን ብላ ተነሳች። ሁለቱ ሲያለቅሱ ምኑም ያልገባቸው እንግዶች አብረው ማልቀስ ጀመሩ፤ ሰው ሲያለቅስ ዝም ብሎ ማየት ነውር ነውና። የጎረቤት ሴቶችም ጩኸቱን ሰምተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ ገቡ። ብሩክ መሐል ላይ ቆሞ ቀረ፤ አንድ እጁ ከቀለበቱ ጋር ኪሱ ውስጥ ነው።

እኔም በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ቡራዩ ነበርኩ፣ እህቴ ቤት። ግን አንድ ነገር ገባኝ። እኔን ያን ቀን ማንም ቀርቦ በቃል አልነገረኝም። ይህችን ልጅም አሁን የሚነግራት ከሌለ፣ ይህ ለቅሶ ከቀለበቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ብሩክን ባየች ቁጥር የአባቷን ሞት ታያለች፤ እሺም አትልም፣ ብትልም በሙሉ ልቧ አይሆንም። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ፊቷን በሁለት እጄ ያዝኩት። ድምፄ እንደዚያ መሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ ጸጥ አሉ።

«ሲፈን፣ ስሚኝ። አባትሽ ደህና ናቸው። ማንም አልሞተም። ብሩክ አግቢኝ ሊልሽ ነው የሰበሰበን።»

የልጄን ምስጢር በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩበት።

አላመነችኝም። እንዴት ታምናለች? መርዶ ሲደበቅም ደህና ነው ነው የሚባለው። አባቴን ስጡኝ አለች። ጫልቱ ደወለች፣ አይነሱም። ደግማ ደወለች። ቃላቸውን ጠባቂ ሰው ናቸው። በመጨረሻ ለጎረቤታቸው ተደውሎ ስልኩ በአጥር በኩል ሲሻገር፣ ውሻ ሲጮህ፣ በር ሲንኳኳ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ሰማን። ከዚያ የኦቦ ገመቹ ሳል መጣ። አንድ ሰው ሳል ሰምቶ እንደዚያ ሲደሰት አይቼ አላውቅም። በኦሮምኛ «ጠየቀሽ እንዴ?» አሏት። «እኔ ትንፍሽ አላልኩም። ስልኬን ጤፍ ጆንያ ውስጥ ነው የቀበርኩት።»

ከጎረቤቶቹ አንዷ አሮጊት እንግዲህ ነጠላችንን እናቃናው፣ ለቅሶ ብለን ወጥተን ድግስ ገጠመን፣ ሳንበላ አንሄድም ብለው አግዳሚው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሲፈን ግን አልሳቀችም። ዐይኗን ጠርጋ ተነሳችና ብሩክ ፊት ቆመች።

«ሐዘንም ይሁን ደስታ፣ ሁለተኛ ሰው ሰብስበህ እንዳትነግረኝ» አለችው። «መጀመሪያ ለእኔ ለብቻዬ ንገረኝ።»

ከዚያ ጫማዋን አጥልቃ በጓሮ በር ወጣች። ብሩክ እኔን አየኝ። ሂድ አልኩት።

ሁለቱ ሜዳው ላይ ወደ ጉሙ ገቡ። በጓሮው መስኮት ሆኜ አየኋቸው፤ መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ጥላ፣ ከዚያ ምንም። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ አልጠየቅሁም። ነጩን ነገር እያየሁ ምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩም አላውቅም፤ ብርዱም አልተሰማኝም፤ ከኋላዬ ሰዎቹ ብርቱካኑን እየለቀሙ ሲስቁ ከሩቅ አገር የሚመጣ ድምፅ ይመስል ነበር። ሲመለሱ ፀሐይ ጉሙን መግፈፍ ጀምራለች። ሲፈን እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ርሷል፣ ቀለበቱ ጣቷ ላይ ነው። በቀጥታ ወደ እኔ መጥታ አንገቴ ሥር ገባችና «እማዬ፣ ሽማግሌዎቹን እሁድ ላኪልኝ» አለችኝ።

እሁድ ተፍኪ ይኬዳል። እናት ከሽማግሌ ጋር አትሄድም፣ ወጉ እንደዚያ አይደለም። ኦቦ ገመቹ ግን ልጄን ከወለል ያነሳችልኝን ሴት ይዛችሁ ካልመጣችሁ በሬ አይከፈትም ብለዋል። ስለዚህ እሄዳለሁ። ያችን ሰማያዊ ጥለት ያላትን ቀሚሴን አውጥቼ አየር አስነክቻታለሁ።

እዚያ ስንቀመጥ የልጁ አባት ማን ነው ተብሎ ይጠየቃል። ብሩክ ሽማግሌዎቹ ይመልሱታል፣ አንቺ አትጨነቂ ብሎኛል። እኔ ግን እኔ ልመልስ አልኩት። አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሲጠይቀኝ የለም እያልኩ ነው የኖርኩት፤ ገበያ የወጣህ፣ ጭነት ይዘህ የዘገየህ ይመስል። ያን ቃል ማንም ስላልነገረኝ እኔም ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እሁድ እናገረዋለሁ። ደምሴ ይባላል፣ ሾፌር ነበር፣ ሞቷል እላለሁ።

እዚያ ላይ ግን አላቆምም። ሞትህ አንድ ቃል ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ከዚያ ኑሮህን እነግራቸዋለሁ፤ ዳገት ላይ መኪናውን እንደ በቅሎ እያባበልክ የምታወጣውን፣ ልጁ ሲወለድ ደንግጠህ የሰው ቤት የገባኸውን፣ ሽሮ ላይ ስኳር ጨምረህ አልጨመርኩም ያልከውን። የልጅ ልጅ ሲመጣም እንዲሁ አደርጋለሁ። በእኔ አፍ ስትጠራ ሕያው ሆነህ ትጠራለህ፣ ይህን ቃል እሰጥሃለሁ። የምዘልለው ነገር ካለ በሕልሜ እየመጣህ አስታውሰኝ፤ እኔ እንደሆንኩ እንቅልፌ ቀላል ነው።

ዘውዴህ
ከሰበታ