የሊድያ ሁለት ዓመት

ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ፋንታ፣
ቢቸና

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? የእናቴ ሳልስ ለቀቃት? እኛ አምላክ ይመስገን በሕይወት አለን፤ ደኅና ነን ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ጆሮዎ ስልክ አልሰማ ቢለኝ በጽሑፍ መጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ልጄን ሊድያን ባሕር ዳር ወስጄ አስመረመርኳት። ቁመቷ ከአምና ጀምሮ ፈቀቅ አላለም፤ የኮረዳነት ምልክትም የለባትም። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ፣ ኢስትሮጅን የሚሉት የሴት ሆርሞን በልኩ ሲሆን ጭንቅላት ውስጥ ያለችውን እጢ ቀስቅሶ የእድገት ሆርሞን ያስጨምራታል፣ ልጅቱም ትመዘዛለች አለ። ያለጊዜው ሲበዛ ግን አጥንቱ የሚያድግበትን ጫፍ ይዘጋዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማደግ የለም። አሥራ አራት ዓመት ከሆናት ዘግይታለችና መድኃኒቱ ይጀመር፣ አሥራ ሁለት ከሆናት ግን ገና ነውና እንጠብቅ አለኝ። የእጇ ራጅ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አጥንት ቢያሳይም ለሁለቱም ዕድሜ ስለሚሆን አይፈርድም።

አባቴ፣ ወረቀቷ አሥራ አራት ይላል። እኔ የወለድኳት ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። እርስዎ ዘንድ ሳለች ከወንድሜ ልጅ ከስጦታው ጋር ትምህርት ትጀምር፣ መንገዱን ብቻዋን አትመላለስ ብለው ቀበሌ ሁለት ዓመት ጨምረው አስመዘገቧት። ሳስተውላት እንደሆነ አውቃለሁ። ሐኪሙ ግን አንቺና ወረቀቱ አልተስማማችሁም፣ ያስመዘገባት ሰው የክርስትና ወረቀቷን ይዞ ይምጣ አለ። ወረቀቷ ያለው እርስዎ ሣጥን ውስጥ ነው። በስጦታው ባስነግርዎ የመለሱልኝ «የተጻፈ ተጽፏል» ብቻ። ይሄ ምን መልስ ይባላል? የሚያገለግሉበት ሰበካ ጉባኤ ፋንታ ዋሸ እንዳይል ፈርተው ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል የሰማነው ከእርስዎ አፍ ነው። ተናድጃለሁ አባቴ። ለጎረቤት እንዳላወራው የማማው እርስዎን ሆነብኝ።

ትናንት ነገሩን ለልጅቱ ገለጥኩላት። «አባባ ዋሸ ከሚባል እኔ አጥሬ ልቅር» አለችኝ። እርስዎ ለዚህ መልስ ካለዎት፣ ቀጠሮዋ ማክሰኞ ነውና እሑድ የክርስትና ወረቀቷን ይዘው በሚኒባስ ይምጡና ይንገሯት።

እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ስጦታውን በርታ ይበሉልኝ፣ ደጋግሜ ስላስቸገርኩትም ይቅር ይበለኝ። እህቴን ወለተ ሥላሴን ከነልጆቿ ናፍቃችኋለች ይበሏቸው። ሊድያ ይህን መጻፌን አታውቅም፤ ብታውቅ ከእጄ ነጥቃ ትቀደው ነበር።

ልጅዎ ስርጉት ፋንታ
ሞጣ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.