የዘይነባ መኪናና የእኔ ዓይን

ማክሰኞ

አጓራ! ዛሬ ጠዋት ከቅያሳችን ወደ አስፋልቱ ሲታጠፍ የዘይነባ መኪና «ጓ... ጓጓጓ» ብሎ አጓራ። ደጄ ላይ ቆሜ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ። ሽንኩርት ስከትፍ ሁሉ ሳንጎራጉር ዋልኩ።

ዘይነባ ጓደኛዬ ናት፤ ከተማሪነት ጀምሮ፣ ከአንድ ዴስክ። እስካለፈው ሳምንት ባጃጅ አብረን ነበር የምንጠብቀው። ያኔ ባሏ ጀማል ይህን በአራቱም ጎማው የሚጎትት መኪና ይዞላት መጣ። ያገለገለ ነው፤ ግን ሲያብረቀርቅ! «ለአርሲ ጭቃ እኮ ነው፣ ቤተሰብ ለመጠየቅ» አለችኝ። ታዲያ አዳማ አስፋልት ላይ ምን ይሠራል? የኔ ባል ዘንድሮ ያመጣልኝ ጃንጥላ ነው።

ረቡዕ

ገበያ ይዛኝ ሄደች። ጋቢና ተቀመጥኩ። አደባባዩን ስንዞር፣ «አንቺ፣ ይሰማሻል?» አለች።

«ምኑ?» አልኩ። እንዴት አይሰማኝም! ቀጥ ባለው መንገድ ዝም፣ ቀስ ብሎ ሲዞር ጓጓጓ።

ልወርድ ስል ሳንቲም ወደቀብኝ። ጎንበስ ብዬ ስፈልግ ከመቀመጫዬ ስር ነጭ ሽንኩርት አገኘሁ፤ በቀይ ክር የታሰረ። ከዓይን መከላከያ! ያውም እኔ ከምቀመጥበት ስር። አላየሁም ብዬ ወረድኩ። ፊቴ ግን ነደደ።

ሐሙስ

እንቅልፍ የለም። መኪናው የመጣ ቀን «ወይ ማማር!» አልኩ እንጂ «ይባርክልሽ» አላልኩም። ማሻአላህም አላልኩም። አፌ እምቢ አለኝ።

ዓይኔ ይሆን እንዴ?

ባሌን ታደሰን ጠየቅሁት። «ያንቺ ዓይን የሚሠራ ቢሆን እኔ እስካሁን በሕይወት እኖር ነበር?» ብሎ ተገላብጦ ተኛ።

ፍሬኑ ይሆን? ሳይረገጥም ይጮኻል። ሞተሩ? ቆሞ ሲሠራ ድምፁ ደህና ነው። ታዲያ ምን ቀረ? እኔ ቀረሁ።

ዘይነባ ዛሬ ደጄ ላይ አላቆመችም። በእጇ ብቻ ሰላም ብላኝ አለፈች። በመኪናዋ ቀናሁ፣ እሺ፣ ቀናሁ። እሷን ግን ማጣት አልፈልግም። ይህን ጩኸት አገኘዋለሁ!

ዓርብ

አገኘሁት! አገኘሁት!

ሲዞር ነው የሚጮኸው አይደል? የዞረበትን ልየው ብዬ ወጣሁ። የቅያሳችን አቧራ ዱቄት ነው፤ የጎማው ዱካ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። መታጠፊያው ላይ የፊቱና የኋላው ዱካ ለየብቻ ይወጣል። ሦስቱ ልሙጥ ናቸው፤ አንዱ ግን ጥርስ በጥርስ።

ነጠላዬን እየጎተትኩ ሮጥኩ። «ዘይነባ! አንዱ ጎማሽ ብቻ አዲስ ነው!»

«አዎ፣ ጀማል ሞጆ ላይ ጎማውን ምስማር ወግቶበት ጎሚስታው አዲስ ገጠመለት። ምነው?»

«ሌሎቹ አርጅተዋል፣ እሱ ብቻ ጎረምሳ! ሌላ ነገር ከጠረጠርሽም ተይው» አልኳት። መሬት መሬት አየች።

ቅዳሜ

መካኒኩ ቶላ ጋ አብረን ሄድን። ክሪክ አስገብቶ ጎማዎቹን ለካ። «እዚህ መኪና ላይ አራቱም እኩል መሆን አለባቸው፤ አንዱ ከበለጠ ሲዞሩ እርስ በርስ ይጓተታሉ። ውስጡ ነው የሚያቃስተው። ብትቆዩ ካምቢዮውን ትበሉት ነበር» አለ።

አዲሱን ለቅያሪ አስቀምጦ፣ እንደ ሦስቱ ያለቀ አሮጌ ጎማ አፈላልጎ ገጠመ። ዘይነባ ግቢው ውስጥ ዞረች። ጸጥ። እንደገና ዞረች። ጸጥ! አጨበጨብኩ።

ከዚያ ጎንበስ ብላ ነጭ ሽንኩርቱን አወጣች። «አማቴ ናት ያሰረችው» አለች።

«አንቺስ?»

«እኔ... አላወጣሁትም።»

ከዚያ ሳቅ ያዘን፣ ቶላ መፍቻውን እስኪጥል። «ያዢው፣ ለወጥሽ» ብላ እጄ ላይ ጣለችው።

እሑድ

ሶደሬ ወሰዱን። መኪናው ውስጥ ከመግባቴ በፊት «ማሻአላህ!» አልኩ፤ ጎረቤት እስኪወጣ ጮክ ብዬ። ዘይነባ መሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች። የኋላው ወንበር እንዴት ይመቻል! አሁንም እቀናለሁ፤ ታደሰ ግን ጎኔ ሆኖ ያንኮራፋል፣ ሆዱ ውስጥ የዚያ ነጭ ሽንኩርት ሽሮ አለ።

መንገድ ላይ ጀማል ከጋቢና ዞር ብሎ፣ «ያ ምስማር ግን ይገርማል። መኪናውን ለናንተ ባሳየናችሁ ማግስት እኮ ነው!» አለ።

ዘይነባ በመስታወቱ አየችኝ።

እኔ ውጭ ውጭውን አየሁ።